በጋቢ ስር የሚበርድ ቁጣ

በመካነ ሰላም መስከረም ሊያልቅ ሲል ጉሙ ከገደሉ ተነሥቶ በመስኮት ወደ ክፍል ይገባል። ከኋላ የተቀመጡት ተማሪዎች ፊታቸው ይጠፋና ድምፃቸው ብቻ ይቀራል። ታሪክ ሳስተምር አንዳንዴ በሕልሜ የማወራ ይመስለኛል።

ቁጣዬ ከሕልሙ ይቀሰቅሰኛል። እስከ እረፍት ድረስ እንደምንም ይዤው እቆያለሁ። ያን ጊዜ ከልጅነት የቅኔ ትምህርት ቤቴ ያተረፍኩትን አንድ ልማድ እጠቀማለሁ። ቅኔ የሚቆጥር ተማሪ ጋቢውን ተከናንቦ ለብቻው ይቀመጣል፤ ቅኔውን በሐሳቡ እስኪያበጅ ድረስ ሰላምታ እንኳ የሚሰጠው የለም። እኔም በመምህራን ማረፊያ ክፍል እከናነብና ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። ባልደረቦቼ አብዛኞቹ የካህናት ልጆች ናቸው፤ «ቀስ በሉ፣ ጋሼ ቅኔ እየቆጠሩ ነው» ይባባላሉ። እኔ ግን ቁጣዬ እስኪበርድ ትንፋሼን ነው የማዳምጠው። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር።

ከደሴ የመጣች ወጣት የሒሳብ መምህርት ነበረች። አንድ ጠዋት በእረፍት ሰዓት የተሰበረ ጠመኔ በጭብጧ ይዛ ገባች። ተማሪዎቹ ድምፅዋን እያስመሰሉ ሲሥቁባት ነበር፤ ከእረፍት በኋላም ክፍለ ጊዜዋ ከእነርሱው ጋር ነው።

«አልመለስም ጋሼ። በከሰዓቱ አውቶቡስ እሄዳለሁ፤ ማስተማርም በቃኝ።»

«አብሽሪ ልጄ» አልኳት። ከዚያም ሳላስበው፣ «እኔ እኮ ቅኔ አልቆጥርም» አልኩ።

«ታዲያ እዚያ ውስጥ ምን ይሠራሉ?»

«እናደዳለሁ።»

በእንባዋ መካከል ሣቀች። ጋቢዬን አውልቄ ሰጠኋት፤ ተከናነበችና ወደ ግድግዳው ዞረች። የስፖርት መምህሩ ብቅ ብሎ፣ «ደግሞ የሒሳብ ቅኔም መጣ?» አለኝ በሹክሹክታ፤ ወዲያው በእግሩ ጣቶች እየተራመደ ወጣ። ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ሲል እያየሁ፣ ብርዱ ደረቴን እየነካኝ፣ የራሴን ዘመን ከውጭ ሆኜ የምመለከት መሰለኝ።

ደወሉ ተመታ። ጋቢውን አጣጥፋ መለሰችልኝ።

«አሁንም ይናደዳሉ? በዚህ ዕድሜዎ?»

«ዛሬም ጠዋት።»

ሌላ ጠመኔ አንሥታ ወጣች። ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው ይሁን ወደ ክፍሉ አላወቅሁም። ክፍሏ ከግድግዳው ማዶ ነው፤ ጫጫታው ተሰማኝ፤ ከዚያ በሩ ሲዘጋ።

«የት ነበር ያቆምነው?» አለች፤ ድምፅዋ ገና ይርገበገባል።

አንዲት ተማሪ ገጹን ነገረቻት፤ ጠመኔው ሰሌዳውን ሲጭር ሰማሁ።