ፈረጅ ያልፈረሙበት ወረቀት

ጋሼ ፈረጅን ያወቅኋቸው የዋሻው ሥራ ሲጀመር ነው። እኔ ያኔ የሥራ ተቋራጩ ጸሐፊ ነበርኩ። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር በተተከለ የቆርቆሮ ቢሮ ውስጥ ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ፋይል አስቀምጣለሁ። ስሜ ይርጋለም ነው። ሁለት ዓመት ቢያልፍም ንዴቴ አልበረደልኝም። የምናደደው ደግሞ በሌሎች ብቻ አይደለም፤ ያንን ክፉ ወረቀት በገዛ እጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ጋሼ ፈረጅ የአልዩ አምባ ሰው ናቸው። አባታቸው በርበሬና ጥጥ በአህያ ጭነው ከቆላ ደጋ የሚመላለሱ ነጋዴ ነበሩ። ልጅየው ግን ንግድ አልሆነላቸውም። በሃያ ሁለት ዓመታቸው ዳገቱን ወጥተው ደብረ ብርሃን ገቡና የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ ሆኑ። ሠላሳ ዓመት በገመድ እየወረዱ ቆፈሩ። ከተማው ውስጥ እሳቸው ያላወጡት የግቢ ጉድጓድ ጥቂት ነው፤ እኛም ቤት ያለውን የቆፈሩት እሳቸው መሆናቸውን ኋላ ከእናቴ ሰማሁ። የቧንቧ ውሃ ሲስፋፋና ጉድጓዱም እየደረቀ ሲሄድ ሥራው ቀዘቀዘ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሲቲ ታመው ስለነበር ያለ ሥራ መቀመጥ አልቻሉም። በሃምሳ አራት ዓመታቸው መጥተው በቀን ሠራተኝነት ተመዘገቡ።

ዋሻው ከግድቡ ወደ ከተማው ውሃ የሚያሳልፍ ነው። አራት ኪሎ ሜትር ነው፣ የሚቆፍረውም ሰው ሳይሆን ማሽን ነው። ማሽኑ እንደ ባቡር ይረዝማል። ፊቱ ላይ ቤት የሚያህል ክብ ብረት አለ፤ እየዞረ መሬቱን ይፈጫል፣ የተፈጨው አፈር በብረቱ ክፍተቶች አልፎ ወደ ኋላ በማጓጓዣ ቀበቶ ይወጣል። ሠራተኛው ያንን ክብ ብረት “ወፍጮው” ይለው ነበር። ወፍጮው ለዓለት ተብሎ የተሠራ ነው። ጥናቱ “ጋራው ዓለት ነው” ይላልና።

ጋራው እውነትም ዓለት ነው። የመጀመሪያው ሰባት መቶ ሜትር ግን ዋልካ፣ የሚያጣብቅ ጥቁር አፈር ነው። የዚያን መስክ ዋልካ የማያውቅ የአካባቢው ሰው የለም፤ በክረምት በሬ ያሰምጣል፣ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። አጥኚዎቹ አፈሩን ለማየት ሦስት ቦታ ብቻ ነበር የበሱት፤ ሦስቱም መኪና የሚደርስባቸው የጋራው ወገቦች ናቸው። መስኩ ላይ የሚያርሰውን ገበሬ አንድ ጥያቄ ቢጠይቁት ይነግራቸው ነበር። ማንም አልጠየቀውም።

ማሽኑ ዘጠና ሜትር እንደገባ ታነቀ። ዋልካው በወፍጮው ክፍተቶች ተጠቀጠቀ፣ ብረቱ ሲሽከረከር በሙቀቱ ጠበሰው፣ እንደ ሸክላ አደረገው። ወፍጮው መፍጨቱን ትቶ እንደ ለስላሳ ኳስ ባለበት ይዞራል። ከዚያ ማሽኑ ይቆማል፤ ሰዎች በጠባቧ በር ወደ ፊት ይገቡና በአካፋና በመሮ ጭቃውን ይፍቃሉ። ውስጡ እንደ ምድጃ ይግላል። አምስት ሰዓት ተፍቆ ማሽኑ ግማሽ ሰዓት ይሠራል፣ እንደገና ይታነቃል። ጋሼ ፈረጅ የተመደቡት እዚያ ነው። አብሯቸው የሚገባው ዘሥላሴ የሚባል የደብረ ሲና ወጣት ነበር፤ ሃያ ሰባት ዓመቱ፣ ሚስቱ የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ገብረአብ ነው። ገና አርባ ዓመት አልሞላውም። አባቱ ሊሆኑ የሚችሉትን ሰው “አንተ” ነበር የሚላቸው፤ እሳቸው ደግሞ “እርስዎ” ይሉታል። ይህን በየቀኑ እሰማ ነበር፣ በየቀኑም ጆሮዬን ያመኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ስብሰባ ላይ ገብረአብ ሠራተኛው ሰነፍ ነው ብሎ ተቆጣ። ጭቃው እንዲለሰልስም ወፍጮው ላይ ትንሽ ትንሽ ውሃ እንዲረጭ አዘዘ። ጋሼ ፈረጅ ከኋላ ተነሡ።

“ጌታዬ፣ የሚያጣብቀው እኮ ያ ውሃ ነው” አሉ።

“ምን አልክ?”

“ዋልካ ሲደርቅ ይፈረካከሳል። ውሃ ከጠገበ ደግሞ ይፈሳል። መሀል ላይ ሲሆን ነው የሚይዘው፤ ያኔ ከያዘ አይለቅም። እኛ በጥቂቱ እያጠጣን እዚያው መሀል ላይ እናስቀምጠዋለን።”

“ታዲያ ምን ይደረግ ትላለህ?”

“እኔ ጉድጓድ ስወርድ አካፋዬን የሳሙና አረፋ እቀባው ነበር። አይዝም።”

ገብረአብ ሳቀ። “ከባሕር ማዶ የመጣ ማሽን በልብስ ሳሙና እንጠብልህ?” አለ። ፎርማኑም ሳቀ። እኔ ቃለ ጉባኤ እየጻፍኩ ነበር፤ የጋሼ ፈረጅን ንግግር አልጻፍኩትም።

ያልሳቀች አንዲት ሰው ነበረች። ማርያማዊት ትባላለች፤ የአፈር ምርመራ ባለሙያችን ናት፣ የአንኮበር ቄስ ልጅ። ከስብሰባው ወጥታ የማሽኑን መመሪያ መጽሐፍ ስታገላብጥ ዋለች። ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ ገብታ በሩን ዘጋች።

“ይርጌ፣ ስሚኝ፣ ይሄ ማሽን እኮ አረፋ መርጫ አለው” አለችኝ። “ከወፍጮው ፊት ስምንት ቀዳዳ አለ፤ ለእንዲህ ዓይነት አፈር ተብሎ የተሠራ። በብረት ክዳን ዘግተውታል።”

“ለምን?”

“አረፋውን የሚሠራውን ፈሳሽ ስላልገዙ። ‘ዓለት ነው፣ አያስፈልግም’ ብለው ከዝርዝሩ ሰርዘውታል።”

ሰዎች በምድጃ ውስጥ በመሮ የሚፍቁት ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ማሽኑ ላይ ተገጥሞ፣ ተከድኖ ነበር። ማርያማዊት ማስታወሻ ጻፈች፤ ገብረአብ ጠርዙ ላይ “ፋይል ይደረግ” ብሎ ፈርሞ መለሰልኝ። ፋይል አደረግሁት።

እሷና ጋሼ ፈረጅ ግን ዝም አላሉም። በርሜል ለሁለት አስቆርጠው ከዋሻው የወጣ ዋልካ ሞሉባቸው። አንዱን በትንሽ ውሃ፣ ሌላውን በሳሙና አረፋ ለወሱት። ጋሼ ፈረጅ አካፋውን የመጀመሪያው ውስጥ ነክረው ሲያወጡት ጭቃው እንደ ካልሲ ለብሶት ወጣ። ከሁለተኛው ግን ብረቱ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ሠራተኛው ሁሉ ከብቦ አየ። ገብረአብ በመስኮት ሲያይ አይቼዋለሁ። መጋረጃውን ዘጋ።

ከዚያ በኋላ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ዘሥላሴ ከወፍጮው ሥር ተንበርክኮ ሲፍቅ ከላይ የተጋገረ ጭቃ ተገንጥሎ ወደቀበት። የበር ያህል ይሰፋል፣ እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ጋሼ ፈረጅ በእጃቸው ነው የቆፈሩለት። ሲወጣ አየሁት፤ ግራ ጉልበቱ ጉልበት አይመስልም ነበር። ጋሼ ፈረጅ “አብሽር ልጄ፣ አብሽር” እያሉ እጁን ይዘው እስከ መኪናው ሄዱ። ጣቶቻቸው ይደማሉ።

ገብረአብ በዚያኑ ቀን ጠርቶኝ የአደጋ ሪፖርት አስጻፈኝ። እየተመላለሰ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ፦ “ሠራተኛው ያለ ኃላፊ ፈቃድ ወደ ማሽኑ የፊት ክፍል በመግባቱ በራሱ ቸልተኝነት ለደረሰበት ጉዳት...” እጄ ቆመ። ሠራተኞቹ የቆመው ማሽን ኃይሉ ሳይቋረጥ፣ ከላይ ለተጋገረው ጭቃ ድጋፍ ሳይደረግ በየቀኑ እንዲገቡ የሚያዘው ደብዳቤ ከኋላዬ ካለው ሣጥን ውስጥ ነበር። የገብረአብ ፊርማ አለበት።

“ምን ትጠብቂያለሽ?” አለኝ።

ጻፍኩት።

ፎርማኑ በምስክርነት ፈረመ። ከዚያ ጋሼ ፈረጅ ተጠሩ። ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ። ገብረአብ ወረቀቱን ገፋ አደረገላቸው።

“እዚህ ጋ ፈርም።”

ወደ እኔ ዞሩ። “ልጄ፣ ዓይኔ ደክሟል፤ አንብቢልኝ።”

አነበብኩላቸው። “በራሱ ቸልተኝነት” ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡ፤ አቆምኩ።

“አብሬው የገባሁት እኔ ነኝ” አሉ ለገብረአብ። “ያስገባን ፎርማኑ ነው። ፎርማኑን ያዘዙት እርስዎ ነዎት።”

“አንተ ሰውዬ፣ ሥራህን ትፈልጋለህ?”

“እፈልጋለሁ። የታመመች ሚስት አለችኝ።”

“እንግዲያው ፈርም።”

“ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ይሄ ወረቀት ያንን ልጅ ዕድሜውን ሙሉ ይዞት ይኖራል። ሕክምናውንም ካሳውንም ይከለክለዋል። አላህ ያየውን አላየሁም ብዬ አልፈርምም።” ቆባቸውን አድርገው ወጡ። ድምፃቸውን አንዴም ከፍ አላደረጉም።

በማግስቱ ወደ ጥበቃ ተዛወሩ። ሠላሳ ዓመት መሬት የቆፈረ ሰው በር እንዲከፍት ተደረገ። ወረቀቱም ያለ እሳቸው ፊርማ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ተላከ።

ማሽኑ ከዚያ ጭራሹን ተቀበረ። ሦስት ሳምንት ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ ከአምራቹ ፋብሪካ አንድ ሽማግሌ ባለሙያ ተልኮ መጣ። ማርያማዊት ማንንም ሳታስፈቅድ ማስታወሻዋን ሰጠችው፣ በርሜሎቹንም አሳየችው። ሰውየው ዋሻው ውስጥ ገብቶ ክዳኖቹን ካየ በኋላ ወጥቶ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ “እነዚህን ማን ዘጋቸው?”

ክዳኖቹ ተነሡ። ፈሳሹ ተገዝቶ መጣ። ከወፍጮው መሀል ያሉት ክፍተቶች በብየዳ ተቆርጠው ሰፉ፤ ጭቃው ተሽቀዳድሞ የሚደፍናቸው እነሱን ነበርና። የመጀመሪያው ቀን አረፋው ቀጠነና አፈሩ ቀበቶው ላይ እንደ ሾርባ ፈሰሰ። ማርያማዊት ጋሼ ፈረጅን ከበሩ ጠራቻቸው። በቀበቶው ዳር ቆመው የሚወጣውን አፈር በመዳፋቸው እየጨመቁ “ገና ነው”፣ “አረፋ ጨምሩ”፣ “አሁን ውሃውን ቀንሱ” እያሉ ሁለት ቀን ዋሉ። በሦስተኛው ቀን መዳፋቸውን ከፍተው አፈሩን አሳዩን። “እንደ ገንፎ ሆነ። እንዲሁ አቆዩት” አሉ። በዚያ ቀን ማሽኑ አሥራ አራት ሜትር ሄደ። መሮ ይዞ የገባ ሰው አልነበረም።

ይህ ሁሉ ከዘሥላሴ ጉልበት በፊት ሊደረግ ይችል ነበር። ሌላው ሁሉ ቢረሳኝ ይህ አይረሳኝም።

በወሩ ማሽኑ መንቀሳቀሱን ለማብሰር እንግዶች ተጋብዘው በዓል ተደረገ። ድንኳን ተተከለ። ጋሼ ፈረጅ በጥበቃ ካፖርታቸው ለመኪኖቹ በሩን ይከፍታሉ። ገብረአብ መድረክ ላይ ወጥቶ በርሜሎቹን በሥዕል እያሳየ “የማኔጅመንታችን የፈጠራ ውጤት” አለ። ተጨበጨበለት። የማርያማዊት ስም አልተነሣም። ስለ አደጋው ሲጠየቅ “አንድ ቀላል ጉዳት፣ እሱም በሠራተኛው ቸልተኝነት” ብሎ አለፈው።

ጋሼ ፈረጅ በሩን ትተው በወንበሮቹ መሀል ሲመጡ አየሁ። አንድ ሊያስወጣቸው የሞከረ ነበር፤ ከሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ የመጣ አንድ ሽማግሌ እንግዳ ግን “ተዋቸው፣ ይናገሩ” አለው።

“የሳሙናው ነገር ለእናንተ ይሁን” አሉ። “እኔ አልፈልገውም። ዘሥላሴ የሚባል ልጅ ግን ደብረ ሲና ተኝቷል። ‘ሳይፈቀድልህ ገብተህ ነው’ ተብሎ ሕክምናውን በየዘመዱ እየለመነ ነው። ታዞ ነው የገባው። እኔ አብሬው ነበርኩ። ይህን ሰምታችሁ ብሉ።”

ገብረአብ ፊቱ ቀላ። “ሰነዱ ሌላ ነው የሚለው” አለ። “ፋይሉ አለ።”

ተነሣሁ። “ፋይሉ እኔ ጋ ነው” አልኩ። ቢሮ ሄጄ የመግቢያውን ትእዛዝ አመጣሁና ቀኑን፣ ይዘቱን፣ ፊርማውን በድንኳኑ ፊት አነበብኩ። ሽማግሌው እንግዳ ግልባጩን ጠይቆኝ ሰጠሁት። ያን ቀን ምግቡን የነካ ጥቂት ሰው ነው።

ከአርባ ቀን በኋላ በዚያ ግልባጭ መነሻነት ሪፖርቱ “በሥራ ላይ የደረሰ አደጋ” ተብሎ ተስተካከለ። ዘሥላሴ አዲስ አበባ ተወስዶ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ካሳውንም አገኘ። በምርኩዝ ይሄዳል። ሐኪሙ “ቀድመህ ብትመጣ ጉልበትህ ይታጠፍ ነበር” ብሎታል። እኔ “ሰነድ ያለ ፈቃድ በማውጣት” ተባርሬያለሁ። ገብረአብ አልተቀጣም፤ ከዚህ ለሚበልጥ ሥራ ወደ ሌላ የአገሪቱ ክፍል ተዛወረ። ማርያማዊት እስከ መጨረሻው ቆየች። ጋሼ ፈረጅን ዋልካው አልቆ ዓለቱ ሲጀምር “ከእንግዲህ አታስፈልግም” አሏቸው።

ባለፈው ጥር ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ያን ወረቀት ስለጻፍኩ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ንግግራቸውን ስለዘለልኩ። ወይዘሮ ሲቲ ተሽሏቸው ደጅ ፀሐይ ይሞቁ ነበር።

“ኋላ ድንኳኑ ውስጥ ትእዛዙን አንብበሽዋል” አሉኝ ጋሼ ፈረጅ። “ግን ቀድመሽ ብታነቢው ይሻል ነበር” አሉ።

እውነታቸውን ነው።