ከኋላ ወንበሩ ሥር

በደርግ ጊዜ ነው። የሟች ባለቤቴን የጃፓን ስፖርት መኪና ዲላ ላይ ሸጥኩ። ባለቤቴ ለኮረኮንቹ መንገድ ብሎ ሞላዋን ከፍ አስደርጎ፣ ከኋላ ወንበሯ ሥር ደግሞ ቡና ከኬላ ደብቆ የሚያሳልፍበት የቆርቆሮ ሳጥን አስበይዶ ነበር። ያ ሥራ ያኔ ያሳስራል። ለገዢው፣ ለወናጎው መምህር ታደሰ፣ ስለ ባዶው ሳጥን ሳልነግረው ቀረሁ። ታደሰ ከቤተ ክርስቲያን የማይጠፋ፣ ጨዋ ሰው ነው። ሰውዬውን አሳስሬው እንደሆነስ እያልኩ እህል አልበላልኝ አለ።

በሳምንቱ መኪናዋ ደጄ ቆመች። ታደሰ ወረደ፤ ተከትሎት የኬላው ፈታሽ ወረደ።

"እትዬ አስቴር፣ ለትንሽ ነገር ነበር..." ሲል አላስጨረስኩትም።

"ጌታዬ፣ እሱ ምንም አያውቅም" አልኩት ፈታሹን። "ከወንበሩ ሥር ያለውን ሳጥን ያሠራው ባለቤቴ ነው። ሳልናገር የሸጥኩት እኔ ነኝ፤ እኔን እሰሩኝ።"

ፈታሹ ግራ ገባው። "የምን ሳጥን? እሱ እዚህ የቀረውን የመኪናዋን ክሪክ ሊወስድ ነው የመጣው። እኔንም እግረ መንገዱን ሊያደርሰኝ ነው።"

ወደ ታደሰ ዞርኩ። ግንባሩ በላብ ርሷል።

ፈታሹ ሄዶ ወንበሩን አነሳው። ሳጥኑ እስከ አፉ ድረስ ቡና ሞልቷል።