ለፎቶ የተቀባችው ላንድሮቨር

የነገሩ ባለቤቶች አራት ነን። አንዱ እኔ ነኝ፤ ቆቦ ውስጥ የእህል መጋዘን ስጠብቅ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ፎቶ ማንሳትንም ያለ አስተማሪ፣ ፊልም እያበላሸሁ የለመድኩ። ሁለተኛው የላንድሮቨሯ ባለቤት ጎረቤቴ ነው። ሦስተኛዋ ሚስቱ ናት። አራተኛዋ ደሴ የምትሠራው የመጀመሪያ ልጄ ናት። ገዢውን አልቆጥረውም፤ እሱ ምንም አልጎደለበትም።

ጎረቤቴ መኪናዋን ከአባቱ ወርሶ ከጎብዬ እስከ ዋጃ ሰውና ማሽላ ሲያመላልስባት ኖሯል። ሊሸጣት የቆረጠው ለሽንኩርት እርሻው የውኃ ፓምፕ ሊገዛ ብሎ ነው። ጉድጓዱ ተቆፍሯል፣ የሽንኩርቱ ችግኝም መደቡ ላይ ደርሷል። የቀረው ፓምፑ ብቻ ነበር። ልጄ አዲስ አበባ አሮጌ መኪና የሚሰበስብ ሰው አገኘችለትና ደወለችልኝ።

«አባዬ፣ ሰውየው ፎቶ ሳያይ አይመጣም። እንዳለች አንሳት። እንዳታሳጥቧት እንኳ።»

«የቆሸሸ ነገር ሰው ፊት አይቀርብም።»

«ስማኝ እንጂ አባዬ፣ እሱ የሚፈልገው…»

አላስጨረስኳትም። ልጆቼን ታላቅ ሲናገር ዝም ብለው እንዲያዳምጡ አድርጌ ነው ያሳደግኋቸው። እኔ ራሴ ማዳመጥ እንዳለብኝ ግን አስቤው አላውቅም።

እኛ ዘንድ ፎቶ እንዲሁ አይነሳም። ለመታወቂያ እንኳ ሰው ኮት ተውሶ ነው የሚነሳው፤ የእኔን ኮት ለብሶ ያልተነሳ የሰፈራችን ጎልማሳ ጥቂት ነው። መኪናዋን ሳያት አረንጓዴ ቀለሟ ነጥቷል፣ በሯ ላይ የጎረቤቴ አባት ያስጻፉት ጽሑፍ ሊጠፋ ምንም አልቀረው።

«እንዲህ ሆናማ አትነሳም» አልኩ።

ጎረቤቴ ሳቀ። «አቶ ፎቶ፣ ታዲያ ኮትህን እናልብሳት?»

«ለኢድ በሩን የቀባንበት ቀለም ተርፏል እኮ» አለች ሚስቱ።

«በሉ እሱን ቀቧት» ብዬ ፈረድኩ። የተረፈው አልበቃ ሲል ሁለት ቆርቆሮ ከኪሴ ገዝቼ ጨመርኩ።

ሁለት ቀን በብሩሽ ተቀባች። በሦስተኛው ቀን ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ማሽላ አጠገብ አቆምናት። ሙቀቱ አናት ይበሳል። ነፋሱ ሲነሳ አቧራው ያልደረቀው ቀለም ላይ ተለጠፈ፣ ሚስቱም በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ ዋለች። እኔ አንዴ በጉልበቴ፣ አንዴ በደረቴ እየተኛሁ በስልኬ አርባ ያህል አነሳሁ። ስንመለስ ሁላችንም በድካም ዝለን ነበር።

ፎቶዎቹን ለልጄ ላክሁ። ብዙ ቆይታ ደወለች።

«አባዬ፣ ምን አደረጋችኋት?»

«አሳመርናት።»

«ሰውየው አራት መቶ ሺህ ያለው የድሮ ቀለሟ እንዳልተነካ ስለነገርኩት ነበር። አሁን ከሁለት መቶ ሃያ ሺህ በላይ አልከፍልም ይላል።»

መሸሽ ይቻል ነበር፤ ገዢው ዋጋ ቀነሰ ብሎ ማለፍ። ጎረቤቴ ቤት ሄጄ ግን፣ «ልጄ ነግራኝ ነበር፣ ያላስጨረስኳት እኔ ነኝ» አልኩት።

«የቀለሙን ነገር ያነሳሁት እኔ አይደለሁ?» አለች ሚስቱ ቶሎ ብላ።

«አይ እህቴ፣ የፈረድኩት እኔ ነኝ።»

«ወላሂ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር» አለ ጎረቤቴ። «አሁን እኔ አንተን ምን ብዬ ልቆጣ? በል ተነሳ፣ ጋራዥ እንውሰዳት። ቀለም ነው፣ ይለቅ ይሆናል።»

በቲነር ሲያሹት አዲሱ ቀለም አሮጌውን ይዞት ተነሳ። የአባቱም ጽሑፍ አብሮ ሄደ፣ ባዶ ቆርቆሮ ቀረ። ሁለት መቶ ሃያ ሺውም እንዳያመልጥ ተቀበልን። ፓምፕና ቱቦ በዚያ ብር አይገዛም። ችግኙ መደቡ ላይ አርጅቶ ለፍየል ሆነ።

ድካሙ እስካሁን አልወጣልኝም። ልጄን ይቅርታ ለመጠየቅም ሳምንት ፈጅቶብኛል። ስጠይቃት፣ «ደህና ነው አባዬ» ብላ ወሬ ለወጠች።

ጎረቤቴ ከዋጋው የጎደለበት መቶ ሰማንያ ሺህ ነው። ሚስቱ ሁለት ፍየል ሸጣ ለሽንኩርቱ ዘር ያወጣችው ዘጠኝ ሺህ። ልጄ ከደመወዟ የላከችው የጋራዡ ክፍያ ስድስት ሺህ ሁለት መቶ። የእኔ፣ ከሁሉ ያነሰው፣ የቀለሙ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ። ሲደመር መቶ ዘጠና ስምንት ሺህ ብር።