አስተርጓሚ ይመደብልኝ ያልኩ ዕለት

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ ጎሬ ከተማ ፍርድ ቤት... ከጎረቤቴ ከእትዬ ጫልቱ ጋር አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ዳኛ እንጠብቃለን። ከሳሽ እሳቸው፣ ተከሳሽ እኔ። ዳኛው ያሉት መቱ ስለሆነ የሚያዩን በስክሪን ነው። ትንሽ ጉዳይ ያለው ሰው በሚኒባስ እየተመላለሰ እንዳይጉላላ ተብሎ የመጣ ነገር ነው። ማጉላላት ለፈለገ ሰው ግን ስክሪንም እንደማያግደው እኔ አሳይቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግቢዬ ያለውን ባሕር ዛፍ አስቆረጥኩ። ቆራጩ መጀመሪያ በገመድ እንሰረው ቢለኝ እኔ ቸኮልኩ። ዛፉ ሄዶ እትዬ ጫልቱ የሚተኙበት ክፍል ላይ ተጋደመ። ቆርቆሮው ተቀደደ፣ የጣሪያው እንጨት ተሰበረ። አሠራልዎታለሁ አልኩ፤ ዛሬ ነገ ስል ከሰሱኝ። የኢሉባቦርን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እሳቸው በሸራ ሥር ነው የሚያድሩት።

አንድ ወዳጄ መላ ሰጠኝ። ችሎቱ በኦሮምኛ ስለሆነ አልችልም በል፣ አስተርጓሚ እስኪገኝ ቀጠሮው ይራዘማል፣ ሴትዮዋም ሰልችቷቸው ይተውታል አለኝ። እኔም ዓይኔን በጨው ታጥቤ አልኩ። ባለፈው ቀጠሮ ሠራልኝ።

ኦሮምኛን የት እንደተማርኩ ልንገራችሁ? እዚያው ዛፍ የጣልኩበት ቤት። ወላጆቼ ከወሎ መጥተው ሲሰፍሩ፣ እናቴ ገበያ በወጣች ቁጥር እኔን የምትተወኝ እትዬ ጫልቱ ጋ ነበር። አፌን የፈታሁት በሁለቱም ቋንቋ ነው። እሳቸው የሚጠሩኝ «ኢልማ ኮ» ብለው ነው፣ ልጄ ማለታቸው ነው። በአማርኛ አውርተን አናውቅም።

ማክሰኞም የተመደበው አስተርጓሚ ሌላ ችሎት ላይ ነው ተባለ። ዳኛው በኦሮምኛ ለሌላ ቀን እንቅጠረው ሲሉ ውስጤ ጮቤ ረገጠ። ፊቴን ግን ምንም እንዳልገባው ሰው አድርጌ ስክሪኑ ላይ አፈጥጣለሁ።

ይሄኔ እትዬ ጫልቱ ብድግ አሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው ስክሪኑን ተጠጉት።

«ጌታዬ፣ እኔ ላስተርጉምለት» አሉ በኦሮምኛ። «የሚለውን ሁሉ ሳልቀንስ እናገራለሁ። በእኔ ላይ የሚለውንም ጭምር።»

ዳኛው ፈገግ አሉ። ከሳሽ ለተከሳሽ ማስተርጎም እንደማይችል በትሕትና አስረዷቸው። ከዚያ ግን አንድ ነገር ሳይጠረጥሩ አልቀሩም... ጎረቤትዎ ከሆነ፣ እውነት ቋንቋውን አያውቅም ወይ ብለው ጠየቋቸው።

እትዬ ጫልቱ ዞረው አዩኝ። አለቀልኝ አልኩ በሆዴ። ጉዴን ለማውጣት አንድ ቃል ይበቃቸው ነበር።

«ልጅ ሳለ ይችል ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «አሁን ረስቶት ይሆናል... ሰው ይረሳል።»

ምነው ያኔ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ስለ ጣሪያቸው ሊከራከሩ የመጡ ሴት የኔን ውሸት ሊሸፍኑ ነው። እኔ ደግሞ ቃል በቃል እየሰማኋቸው ነው። ደመና ባየ ቁጥር የሚጠፋው ኔትወርክ እንኳ ያን ዕለት ፍንክች አላለልኝም።

«አልረሳሁም» አልኩ። በኦሮምኛ።

 ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቃልህን ስጥ አሉኝ። ዛፉ የኔ መሆኑን፣ በኔ ችኮላ መውደቁን፣ ጣሪያውን ቶሎ እንደማሠራ ተናገርኩ... ሁሉንም በኦሮምኛ።  እትዬ ጫልቱ እንዲሠራልኝ ብቻ ነው የምፈልገው አሉ። ዳኛው ስምምነታችንን መዘገቡና ፍርድ ቤት ፊት ስለ መዋሸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ የሚጮህ ተግሣጽ ሰጥተው አሰናበቱኝ።

ስንወጣ ይቅርታ ልጠይቃቸው ስሞክር ጃንጥላቸውን ዘርግተው ሄዱ። አፍሬ እዚያው ዝናብ ላይ ቀረሁ።

ትናንት ቆርቆሮው ተመቶ አለቀ። እኔም መሰላል ላይ ሆኜ ለአናጢው ሚስማር ሳቀብል ዋልኩ። እትዬ ጫልቱ ብቅ አሉና በአማርኛ፣ ያውም እንደ ባዳ አንቱ ብለው፣ እንዳይወድቁ ይጠንቀቁ አሉኝ። ደነገጥኩ። በኦሮምኛ ለምን እንዲህ ያናግሩኛል አልኳቸው።

«እንዳይከብድዎት ብዬ ነው» አሉና ወደ ቤታቸው ገቡ።

ዳኛው ያዘዙኝን ፈጽሜያለሁ... ለእትዬ ጫልቱ ፍርድ ግን ይግባኝ የሚባለው የት ነው?