የኦቦ ለሚ ባሕር

የአኳሪየም እንክብካቤ ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ጋሽ ተፈራ አንድ ሰማያዊ በርሜል ፊት አቁመው ማማሰያ ሰጡኝ። ዓሣ አያለሁ ብዬ ሄጄ ቀኑን ሙሉ ጨው ሳማስል ዋልኩ። «ስሚ» አሉኝ፣ «ሲተን የሚሄደው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨው የትም አይሄድም። ስለዚህ የጎደለውን በተጣራ ውሃ ትሞያለሽ። የሚስተካከል ነገር ካለ ደግሞ ቀስ ብለሽ።» የመጨረሻውን ለመማር ብዙ ዓመት ፈጀብኝ።

ከዚያ በኋላ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ያሉት ቤቶች የኔ ድርሻ ሆኑ። አዲስ ግቢ ሠርተው የገቡ ሰዎች ሳሎናቸው ውስጥ ባሕር ማስቀመጥ ያምራቸዋል፤ የቧንቧው ውሃ ግን በፈረቃ ነው፣ መብራቱም እንደ ፈቃዱ። የውሃውን ይዘት የምለካባቸውን ጠብታዎች በቦርሳ ይዤ ከታክሲ ታክሲ እዘል ነበር። ቡራዩ አንዲት የቤት ሠራተኛ መስታወቱን በሳሙና አጥባ ዓሣውን ሁሉ ጨረሰችው። ልጅቷ ላይ የጮህኩባትን ጩኸት ዛሬም አስታውሰዋለሁ። ሌላ ሰው ሲያጠፋ አንደበት አላጣም ነበር።

ከደንበኞቼ አንዱ ኦቦ ለሚ የሱሉልታ ገበሬ ልጅ ናቸው። በወጣትነታቸው ንግድ መርከብ ላይ በሜካኒክነት ተቀጥረው፣ ጡረታ ሲወጡ በአባታቸው መሬት ላይ ቤት ሠርተው ተመለሱ። አኳሪየማቸው ውስጥ ዓሣው ጥቂት ነው፤ ዋናው ኮራሉ ነበር፣ ድንጋይ የሚመስል ግን ነፍስ ያለው የባሕር እንስሳ። በደረስኩ ቁጥር «አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ?» ይሉኝና እኔ እንዴት እንዳደርኩ ሳልመልስ «ባሕሬን እይልኝ» ይሉኝ ነበር።

ስትሮክ ግማሽ ጎናቸውን ሲመታው ንግግራቸውም አብሮ ሄደ። ከቀሩላቸው ጥቂት ቃላት አንዱ «ገላና» ነው፤ በኦሮምኛ ባሕር ማለት ነው። ጠዋት ባለቤታቸው እማማ አስካለ ወንበራቸውን ወደ መስታወቱ ያዞሩላቸዋል፣ እስኪመሽ ከዚያ አይነሱም። ኮራሉ ሲፈካ ደህናው እጃቸው ብድግ ይላል። ሌላ የሚያስደስታቸው ነገር አልነበረም።

የተነነውን ውሃ የሚተኩት እማማ አስካለ ነበሩ። መስታወቱ ላይ ፕላስተር ለጥፌ «እስከዚህ ብቻ፣ ከዚህ ቢጫ ጀሪካን» ብያቸዋለሁ። የተጣራ ውሃ ሞልቼ የማስቀምጠው እኔ ነኝ።

በዚያ ክረምት የውሃው አልካሊኒቲ ከፍ ከፍ አለ። ኮራሉ አካሉን የሚገነባበት ነገር ነው፤ ሲያንስም ሲበዛም ይጎዳዋል። የምጨምረውን ማዕድን አቆምኩ፣ አልወረደም። ጠብታው ጊዜው አልፎበት ይሆናል ብዬ አዲስ ገዛሁ፣ ያው ቁጥር። ጀሪካኔ እንዳልጎደለ አይቼ ነበር፤ ክረምት ስለሆነ አልተነነም ብዬ አለፍኩት።

ለጋሽ ተፈራ ደወልኩ። «ውሃ የሚጨምረው ማነው? መጀመሪያ እሱን ጠይቂ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ስንት ዓመት የሠራሁበት ቤት ነው! አውቀዋለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

በማግስቱ ቁጥሩን የሚያወርድ የቀጠነ አሲድ ይዤ ሄድኩ። በትንሽ በትንሹ ሳምንት የሚፈጅ ሥራ ነው። ሰበታ ፓምፕ የቆመበት ደንበኛ ይጠብቀኝ ስለነበር በአንድ ጠዋት ጨረስኩት። ቁጥሩ ልክ ሆነ። ለኦቦ ለሚ «ባሕርዎ ድኗል» ብያቸው ወጣሁ።

ከሁለት ቀን በኋላ እማማ አስካለ ደወሉ። «ልጄ፣ ነጣ። ሁሉም ነጣ።»

ስደርስ ሽታው በር ላይ ተቀበለኝ። የኮራሉ ሥጋ ተልጦ ይንሳፈፋል። ኦቦ ለሚ እንደ ወትሮው ወንበራቸው ላይ ናቸው። እማማ አስካለ እጄን ይዘው ጓዳ አስገቡኝና የኔን የሚመስል ሌላ ቢጫ ጀሪካን አሳዩኝ።

«ጠበል ነው» አሉ። «ከታመመ ጀምሮ እያስመጣሁ አጠጣዋለሁ። ባሕሩን ስለሚወደው ለሱም ይድረሰው ብዬ ያንቺን ትቼ ከዚሁ ስጨምርበት ከረምኩ። እኔ ነኝ የገደልኩት?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ከድንጋይ ሥር ማዕድን ይዞ የሚፈልቅ ውሃ ነው፤ ቁጥሩ ቀስ እያለ የወጣው በሱ ነበር። ኮራሉ ግን እየለመደው ነበር። የገደለው የኔ አሲድ ነው። ይህን መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን «ለባሕር እንስሳ አይስማማውም፣ እማማ» አልኳቸው። ውሸት አልነበረም፤ ግን አፈርኩበት እንጂ አልተጽናናሁበትም።

ሌላ ኮራል ማስመጣት ሳይሳካልኝ ቀረ። ኦቦ ለሚ በየጠዋቱ ወደ ነጩ ድንጋይ እየዞሩ ይቀመጡ ነበር። አንድ ቀን ስገባ አዩኝና ደህናውን እጃቸውን ወደ መስታወቱ አንስተው «ገላና?» አሉኝ።

ጥር ላይ አረፉ። ለቅሶ ስደርስ እማማ አስካለ አጠገባቸው ለተቀመጡት ሴቶች «አንዲት የሚያያት ነገር ነበረችው፣ እሷንም በእጄ አጠፋሁበት» እያሉ ያለቅሱ ነበር። የተቀመጥኩት ከሳቸው ሁለት ሰው አልፌ ነው። ያኔም ዝም አልኩ። ዓመቱ ሳይሞላ እሳቸውም ተከተሉ።

ሥራውን ትቼዋለሁ። ለምትጀምሩት የምለው ይህን ነው። ቁጥሩ ሲያስቸግራችሁ ጠርሙስ ከመክፈታችሁ በፊት ውሃ የሚጨምረውን ሰው ጠይቁ። ያጠፋችሁትንም በዚያው ቀን ለቤቱ ሰው ንገሩ። ሲቆይ የምትነግሩት ሰው አይኖርም።