ለአባባ ዋስ የሆንሁ ጊዜ

በኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ላይ ሲጋራ ማጨስ ከተከለከለ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ዕረፍት ነሥቶኝ ነበር። ሁሉም ተስማምቶ የፈረመበትን ደንብ፣ ከሁሉም ቀድመው የፈረሙት ሰው ራሳቸው ለምን ያፈርሱታል?

ሰውዬው ምድር ቤት ነው የሚኖሩት። ዕድሜያቸውን ጣና ላይ የጭነት ጀልባ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ የብሎካችን ሽማግሌ ናቸው። ባልና ሚስት ሲኮራረፉ፣ የላይኛው ቤት ውኃ በታችኛው ጣሪያ ሲያንጠባጥብ፣ «እስቲ አባባ ይዩት» ይባላል። የብሎኩ ኮሚቴ «በደረጃና በኮሪደር ማጨስ ክልክል ነው» የሚለውን ወረቀት ሲያዞርም መጀመሪያ የፈረሙት እሳቸው ነበሩ። መርቀው ጭምር! በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሦስተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ቆመው ሲጋራቸውን ለኮሱ።

እኛ አራተኛ ፎቅ ነን። የስድስት ዓመት ወንድሜ አስም አለበት። ጭሱ በበራችን ሥር ሾልኮ ሲገባ ደረቱ ሲር ሲር ማለት ይጀምራል፤ እናቴም በአፉ የሚነፋለትን መድኃኒት ይዛ ትሮጣለች። በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ከሮጠች በኋላ ለደላላ ደወለች። ደላላው ያገኘልን ቤት ከዓባይ ድልድይ ማዶ ነው፤ ከትምህርት ቤቴም ከጓደኞቼም የራቀ።

«ለምን አትነግሪያቸውም?» አልኋት።

«እኔ? አባባን? ምን ብዬ? ባለፈው ዓመት ከአባትሽ ጋር ያስታረቁኝ እሳቸው አይደሉም?»

ችግሩ ይኸው ነው። በብሎካችን ውስጥ በእሳቸው ያልታረቀ ሰው የለም። ኮሚቴው በመጨረሻ ሦስት ሽማግሌዎች ላከባቸው። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ በጉጉት ጠበቅሁ። አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው ሲወጡ የሦስቱም ፊት ወዝ በወዝ ሆኗል።

«እህሳ፣ ነገራችኋቸው?» አለች የኮሚቴዋ ጸሐፊ።

«ኧረ እንዴት ተብሎ ይነገራል! ገና ስንገባ ጠላ አስቀዱልን። ‹የሚያስቸግራችሁ ጎረቤት አለ እንዴ? እኔ አነጋግርላችኋለሁ› አሉን።»

«እናስ?»

«እናማ… ተመርቀን ወጣን።»

ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። ግን «እኔ አነጋግርላችኋለሁ» ያሉት ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣም። ትልቅ ሰውን መቆጣት ነውር ነው፤ ሽማግሌ ፊት ቀርቦ መክሰስ ግን ነውር አይደለም። እንዲያውም ወጉ ነው።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ በራቸውን አንኳኳሁ።

«አባባ፣ ሰው ልከስ ነው የመጣሁ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «አንቺ? ማንን?»

«ስሙን ለመጥራት አፍራለሁ። ደረጃ ላይ የሚያጨስ አንድ ትልቅ ሰው አለ። ጭሱ ቤታችን እየገባ ወንድሜን እያሳመመው ነው። እናቴ ቤት ልንለቅ ነው ትላለች። ያስታርቁኝ።»

ከጓዳ ባለቤታቸው «እሰይ!» ሲሉ ተሰማኝ። አባባ መነጽራቸውን አጣጥፈው አስቀመጡ። ያባርሩኛል ብዬ በሩን በዓይኔ ለካሁት።

«ተከሳሹ ጭሱ እናንተ ቤት እንደሚገባ ያውቃል?»

«አያውቅም። ማንም ደፍሮ አልነገረውም።»

«ልጁን ያን ያህል ያመዋል?»

«ትናንት ትምህርት ቤት አልሄደም።»

ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠራረጉ። «ለምን እዚያ መታጠፊያ ላይ እንደሚቆም ጠይቀሽዋል?»

እኔ ደግሞ ይህንኑ ለማወቅ ስሞት የከረምሁ ነኝ! «አልጠየቅሁትም። ለምንድን ነው?»

«ከዚያ ሐይቁ ይታያል። ከምድር ቤት አይታይም።»

አራት ዓመት ሙሉ በዚያ መታጠፊያ እየሮጥሁ ሳልፍ አንድ ቀን ቆሜ አላየሁም።

«እንግዲህ ፍርዱ ይሄ ነው» አሉ ድምፃቸውን ጠርገው። «ሐይቁን ይይ። ማጨስ ሲያምረው ግን ወርዶ፣ ከግቢው አጥር ጥግ ያጭስ። ተስማማሽ?»

«ተስማማሁ።»

«ተከሳሹ ዋስ ይጥራ። ያለ ዋስ እርቅ የለም።»

«እኔ አልሆንለትም!» አሉ ባለቤታቸው ብቅ ብለው። «‹ዛሬ አቆማለሁ› ሲል ሠላሳ ዓመት ዋስ ሆኜዋለሁ፤ ይበቃኛል።»

«እኔ እሆነዋለሁ» አልሁ።

አባባ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ከሳሽ ለተከሳሽ ዋስ ሲሆን አይቼ አላውቅም!»

እናቴ ስትሰማ «አንቺ ባለጌ!» ብላ ጉንጯን ያዘች። ደላላውን ግን ትንሽ ቆይ አለችው።

የመጀመሪያው ሳምንት በሰላም አለፈ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ዶፍ ሆነ፤ ከደረጃው የላይተር ድምፅ ሰማሁ። በባዶ እግሬ ሮጥሁ። አባባ መታጠፊያው ላይ ናቸው፤ ሲጋራው ከንፈራቸው ላይ፣ ላይተሩ እጃቸው ላይ።

«ዋሴ መጣች» አሉ።

«አባባ!»

«ዝናብ ነው እኮ፣ ልጄ።»

«ፍርዱ ላይ ስለ ዝናብ የተባለ ነገር የለም።»

ላይተሩን አገላብጠው አዩትና ኪሳቸው ከተቱት። ሲጋራውን ጆሯቸው ላይ ሰኩት።

«በጣም ይከብዳል?» አልኋቸው። እውነቴን ነው፤ ማወቅ ፈልጌ ነው።

«በማዕበል ጀልባ ማዞር ይሻላል።»

ወንድሜ ተከትሎኝ ወጥቶ ኖሮ አጠገባቸው ተቀመጠ። «በጀልባዎ ጉማሬ ገጭተው ያውቃሉ?»

«እኔ አልገጨሁም። እሱ ነው የገጨኝ!»

ጉማሬው ታሪኩ ውስጥ ገና ከውኃ ሳይወጣ እናቴ ልጇን ፍለጋ በሩን ከፈተች። ቆም ብላ አየሩን በአፍንጫዋ ሳበች። አባባን አየች፤ ሲጋራውን ጆሯቸው ላይ አየች። ተመልሳ ገባች።

እራት ላይ «ደላላው ደውሎ ነበር» አለችኝ።

«ምን አልሽው?»

«ቤቱን ለሌላ ሰው ስጠው አልሁት።» ልጮህ አፌን ስከፍት እጇን አነሣች። «ቆይ፣ አትጨፍሪ። ሐምሌና ነሐሴ ገና ናቸው፤ ዝናቡ መች ጀመረና። ዋሳቸው አንቺ ነሽ።»