መፈክር የተከተለ ድንጋይ

ዲንቄ በሶደሬ መንገድ ዳር የተቀቀለ በቆሎና አረቄ እየሸጠች ሁለት ባል የቀበረች፣ ሦስተኛውን በዱላ ያባረረች ሴት ነበረች። ከሰው የምትፈራው አልነበረም፤ የምትፈራው የጓሮዋን ቦረቦር ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ከኮረብታው የሚወርደው ጎርፍ ያንን ፍርክስክስ አፈር እየናደ አዋሽ ይከተዋል። አምና በረቷን ከነአጥሩ ወስዷል። በ1978 ግንቦት ላይ ከቦረቦሩ አፍ እስከ ቤቷ ግድግዳ የቀረው አንዲት ላም ብትተኛበት የሚሞላ መሬት ነበር።

«ልቀቂው፤ የገበሬ ማኅበሩ ሌላ ቦታ ይስጥሽ» ይላታል ጎረቤቷ መርዳሳ።

«ማኅበሩ ቦታ ከተረፈው ለጎርፉ ይስጠው! እኔ ይህን ቤት በገዛ እጄ መርጌዋለሁ።»

ዘመኑ ተፈጥሮ ራሷ መፈክር ሰምታ እጅ ትሰጣለች የተባለበት ነው። ጓድ ኃይለጊዮርጊስም ከአውራጃ መጣ። ቅዱሱ ለካድሬነት ስላልተመቸው ከስሙ ላይ ቆርጦ ጥሎት «ጓድ ኃይሌ» ተብሏል። ገበሬውን ግራር ሥር ሰብስቦ «የአዋሽን ተፋሰስ ከአድኃሪ ጎርፍ ነፃ እናወጣለን!» አለ። ድንጋይ ይካባል፣ ለካቢው ስንዴና ዘይት ይሰጣል። የት ይካባል? አስፋልቱ ዳር፣ ከቀዩ የመፈክር ጨርቅ ሥር! በሰኔ መግቢያ ትልቅ እንግዳ በመኪና ስለሚያልፍ፣ ትልቅ እንግዳ ደግሞ ከመኪናው ስለማይወርድ። ውኃ ከላይ እንደሚመጣ ያልገባው አንድም ገበሬ አልነበረም። ሁሉም አጨበጨበ። ዲንቄም አጨበጨበች፤ ያላጨበጨበ ስንዴ አይሰፈርለትም።

ጉዱ ድንጋዩ ከየት መጣ ሲባል ነው። ከኮረብታው! ጎርፉን ትንሽም ቢሆን ይገታ የነበረውን ድንጋይ እየፈነቀሉ፣ በትከሻ እየተሸከሙ፣ ጎርፍ ወደማያውቀው መንገድ ዳር አወረዱት። ዲንቄ የተላጨውን ኮረብታ አይታ ግድግዳዋን በእጇ ዳሰሰች። መከራከር አይቻልም፤ የተከራከረ «አሻጥረኛ» ይባላል። ስለዚህ ትኩስ በቆሎ ይዛ ወደ ካድሬው ሄደች።

«ጓድ ኃይሌ፣ ያ ቀዩ ጨርቅ አንጀቴን በላው።»

«ምን ሆነ?» አለ ደንግጦ።

«መኪናው ሽው ብሎ ነው የሚያልፈው። እንግዳው አንዲት ቃል ሳያነብ! ኮረብታው አናት ላይ ቢሆን ግን ገና ከሩቅ ‹ይህን ያሰቀለ ማነው?› ማለቱ አይቀርም።»

ካድሬው ኮረብታውን አየ። ራሱንም እዚያው ላይ ተሰቅሎ ያየው ይመስላል።

«እማማ... ማለቴ ጓድ ዲንቄ፣ ንቃትዎ ከፍ ብሏል!»

«ከእርስዎ ስብሰባ የቀሰምኩት ነው።»

በማግሥቱ ጨርቁ ኮረብታው ላይ ወጣ። ግን ሥራ የሌለበት መፈክር ራቁቱን የቆመ ሰው ይመስላል፤ ስለዚህ ድንጋዩ ሁሉ መፈክሩን ተከትሎ ዳገት ይውጣ ተባለ።

«ይህችን ድንጋይ አውቃታለሁ» አለ መርዳሳ እያለከለከ። «በቀደም ከእኔ ጋር ነው የወረደችው።»

«እንግዲያው አገሯ አግባት! ዝም ብለህ ተሸከም!» አለችው ዲንቄ፣ የራሷን ድንጋይ ጀርባዋ ላይ እያስተካከለች።

ኮረብታው በእርከን ታጠረ፤ የቦረቦሩም አናት በክትር ተዘጋ። እንግዳው በተጋረደ መኪና ውስጥ እንደተኛ አለፈ። ካድሬው ግን «እጅግ ተደንቀዋል» ብሎ ሪፖርት አደረገ።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና ኮረብታው ላይ ተገለበጠ። ዲንቄ ሣጥኗንና የአረቄ ማውጫዋን መርዳሳ ቤት አስቀምጣ፣ ምሰሶዋን ይዛ የጎርፉን ግሣት ጠበቀች። አልመጣም። ውኃው እርከኑ ጋ ሲደርስ ተኛ፤ ደለሉን እዚያው ጥሎ፣ እንደተገሠጸ ልጅ አቀርቅሮ በቦረቦሩ ወረደ። ግድግዳው ሥር ያለው መሬት አንዲት ጭብጥ አፈር አልጎደለበትም። ዲንቄ እዚያው ደፍ ላይ ተቀምጣ ሳቀች።

ጠዋት መርዳሳ ሣጥኑን ተሸክሞ መጣ።

«አካም ቡልቴ ዲንቄ? ቤቱስ እንዴት አደረ?»

«ከእኔ የተሻለ ተኝቶ ነው ያደረው።»

ከኮረብታው ወርዶ በሯ የደረሰው ቀዩ ጨርቅ ብቻ ነበር፤ ንፋሱ ነቅሎት፣ ጽሑፉ ታጥቦ። ዲንቄ ጨምቃ አሰጣችው።

«ምን ታደርጊበታለሽ?» አላት።

«የማዶው ኮረብታ ደግሞ ድንጋይ የለውም» አለች። «ከርሞ እዚያ እናሰቅለዋለን።»